ስፖንሰሩን ልፈርም ወይስ ኅብረተሰብ ጤና ልማር?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 29 ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል በነርስነት እሠራለሁ፤ በዲግሪ ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ቤታችን ኮምቦልቻ ነው። ባለቤቴ እዚያው ፋብሪካ ስለሚሠራ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ እየወረድኩ የምመላለሰው እኔ ነኝ። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን፤ ዲዩቲ ስገባ አማቴ ይይዙልኛል።

ሰሞኑን መሥሪያ ቤቴ በስፖንሰር ማስተርስ ሊያስተምረኝ ስሜን አሳልፏል። ትምህርቱ የሕፃናት ጤና ነርሲንግ ነው፤ ከደሴ ውጭ፣ በመደበኛ፣ ሁለት ዓመት። ደመወዜ አይቋረጥም። ቅጹን ፈርሜ የምመልስበት ሦስት ሳምንት ተሰጥቶኛል። ጓደኞቼ እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በእኛ ክፍል በከፋ የምግብ እጥረት የታመሙ ሕፃናት ተኝተው ይታከማሉ። ወተቱን በሰዓቱ ሰጥተን፣ እብጠቱ ጎድሎ፣ ልጁ መሳቅ ሲጀምር ቀሪውን ሕክምና በጤና ኬላ እንዲጨርስ ወረቀት ጽፈን እንሸኘዋለን። ባለፈው ወር በእጄ ያገገመ አንድ ልጅ ያው እግሩ አብጦ ተመለሰ። እናቱን ‹‹ጤና ኬላ አልሄድሽም ወይ?›› ብላት ‹‹የሰጣችሁኝን ወረቀት ይዤ ሄድኩ፤ በሳምንቱ ተመለሺ አሉኝ፤ በሳምንቱ ብሄድ በሩ ዝግ ነው፤ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው እኮ›› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ኅብረተሰብ ጤና ላይ ነው። ኤምፒኤች (የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ) ቅዳሜና እሁድ እዚሁ ደሴ በግሌ ከፍዬ ልማር ብዬ አሰብኩ።

አለቃዬን ባማክራት ‹‹እጅሽ የተባረከ ነው፤ ቢሮ ገብተሽ አትባክኚ›› አለችኝ። ጓደኞቼም ‹‹ኤምፒኤች የያዘ ሞልቷል፤ ሪፖርት ስትለቅሚ ልትኖሪ ነው›› ይሉኛል። ባለቤቴ ‹‹የፈለግሽውን›› ይላል፤ ግን ስለ ልጃችን ሲነሳ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ ስታቲስቲክስ እፈራለሁ። የመጣልኝን ዕድል ብገፋ ምስጋና ቢስ እሆን ይሆን? እባካችሁ ምከሩኝ።

ግራ የገባኝ ነርስ፣ ከኮምቦልቻ

*

ውድ ሲስተር፣

አብሽሪ። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር አስተውለናል። ስለ ሁለቱ ትምህርቶች ስትጽፊ ቶሎ ቶሎ ነው ያለፍሽው፤ ያቺ እናት ያለችሽን ግን ቃል በቃል አስቀምጠሽዋል፣ የመንገዱን ርዝመት ሳይቀር። የሚያስጨንቅሽ ነገር ልጁ ከእጅሽ ከወጣ በኋላ የሚሆነው ነገር ይመስለናል። ይህ ዝንባሌ ምስጋና ቢስነት አይደለም። አለቃሽም ብትሆን ክፉ አላሰበችም፤ ጥሩ ነርስ ከክፍሏ ሲወጣባት ጉድለቱን የምትሸከመው እሷ ናት።

እስቲ የዲግሪውን ስም ለጊዜው እንተወውና ከሥራው እንነሳ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰኞ ጠዋት የት ነሽ? ምን ይዘሻል? ማንን ነው የምታናግሪው?

የሕፃናት ጤና ነርሲንግ ከተማርሽ ሰኞ ጠዋት ያለሽው ሕፃናት ክፍል ወይም የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ነው። የከበዱትን ሕፃናት አንቺ ትይዣለሽ፤ ታናናሾችሽን አልጋ አጠገብ ታስተምሪያለሽ፤ ክፍሉን ትመሪያለሽ። ጤና ሳይንስ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተማር በርም ይከፈታል። ነርስነትሽ እንዳለ ሆኖ አንድ ደረጃ ከፍ ትያለሽ፤ የሥራ መደቡም ግልጽ ነው። ስፖንሰሩን በዚህ በኩል ብቻ ካየነው እንከን የለውም።

ኤምፒኤች ከተማርሽ ግን ሰኞሽ ሌላ ነው የሚሆነው ብሎ ለአንቺ የነገረሽ ያለ አይመስለንም፤ ጓደኞችሽ ‹‹ሪፖርት መልቀም›› ብለው አልፈውታል። እስቲ አንዱን ሥራ ጠጋ ብለን እንየው። የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ክትትል ባለሙያ የሆነች ሴት፣ ከኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉት እንደ ቃሉ ባሉ ቆላ ቀመስ ወረዳዎች፣ ሳምንቱ እሁድ ሲዘጋ ከየጤና ጣቢያው የወባ ሕሙማንን ቁጥር ትሰበስባለች። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራትም። ያለፉትን አምስት ዓመታት ታወጣለች፤ የዚያኑ ሳምንት አምስት ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ትደረድራለች፤ አራተኛውን ወስዳ መስመር ታደርገዋለች። የዘንድሮው ከዚያ መስመር ካለፈ ወረርሽኝ መጀመሩን ትጠረጥራለች፤ ያኔ ስልክ ታነሳለች፣ መኪና ትጠይቃለች፣ መድኃኒትና የምርመራ ኪት ወዴት ይሂድ የሚለውን ታስወስናለች። ሪፖርት ያልላከውን ጤና ጣቢያ ደግሞ ‹‹ዜሮ›› ብላ አትሞላውም፤ ደውላ ለምን ብላ ትጠይቃለች። ወረርሽኙ የጀመረው ሪፖርቱ በተቋረጠበት ቦታ ሊሆን ይችላልና። ሥራው ወረቀትም አለው፣ አዎ፤ ቀኑን ሙሉ ሕፃን የማትይዢበት ሥራ ነው። ውጤቱንም በዓይንሽ የምታዪው አልፎ አልፎ ነው፤ ያልታመመ ልጅ መጥቶ አያመሰግንሽም። ይህን መቋቋም ትችያለሽ ወይ? ጥያቄው ለፈተና አይደለም። የልጁን ፈገግታ ማየት ኃይል የሚሰጣቸው ነርሶች ቢሮ ሲገቡ የሚደርቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ስለሆነ ነው።

‹‹አትባክኚ›› የሚለውን ግን አንቀበለውም። በአገራችን የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ ሲጀመር ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ቡድን ሆነው እንዲሰማሩ ነበር የሚሠለጥኑት። ነርስ ከመጀመሪያውም የዚህ ሙያ አካል ናት። አልጋ አጠገብ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ሌሊት በድካም የተሞላ ገጽ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ይህን ዕውቀት ክፍል ውስጥ አያስተምሩትም።

አሁን ‹‹ሞልቷል›› ወደሚለው እንምጣ። ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ዘርፍ ሳይለይ ‹‹ጠቅላላ ኤምፒኤች›› ብሎ የተመረቀ ብዙ ነው፤ ማስታወቂያ ሲወጣም ከብዙ ሰው ጋር ነው የሚሰለፈው። ዘርፍ የለየ ግን ሁኔታው ይለያል። አብዛኛው ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ የጋራ ኮርሶችን ያስተምራል፦ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት)፣ ባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃ ስታቲስቲክስ)፣ የጤና አስተዳደር፣ የምርምር ዘዴ። ከዚያ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ሥርዓተ ምግብ፣ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደር እያለ ይከፈላል። ወረርሽኝ ማሳደድ የሚማርከው ሰው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ የሚባለውን ይይዛል። እሱ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ የሁለት ዓመት ሥልጠና ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የምታሳልፊው መስክ ላይ ነው፤ ሌሊት ተጠርቶ መሄድም አለበት፣ ከሦስት ዓመት ልጅ ጋር አይመችም። አንቺ ከጻፍሽው ተነስተን የምንመርጥልሽ ሥርዓተ ምግብን ነው፤ እሱ ካልተገኘ ኤፒዲሚዮሎጂን። ጠቅላላውን አንመክርሽም። የአስተዳደሩንም አልመረጥንልሽም፤ ሆስፒታል መምራት የሚፈልግ ሰው ጥሩ መንገዱ ነው፣ ያንቺ ደብዳቤ ግን አንድም ቦታ ስለ መምራት አያወራም።

ምናልባት ስልክሽ ላይ ስታነቢ ነርሲንግና ኅብረተሰብ ጤናን አጣምሮ ሁለት ዲግሪ የሚሰጥ ፕሮግራም አይተሽ ይሆናል። እንዲህ ያለው አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ነው፤ የደመወዙም የፈቃዱም ሥርዓት የዚያ አገር ነውና ለአንቺ ውሳኔ አይጠቅምም። እዚህ አገር ለሁለቱም ቅርብ የሆነው የኅብረተሰብ ጤና ነርሲንግ የሚባለው ማስተርስ ነው። የፕሮግራሞች ዝርዝር ላይ ካገኘሽው ማመልከት አይከፋም፤ ግን አስቀድመሽ በምን የሥራ መደብ ትቀጠሪበት እንደሆነ አጣሪ።

የሥራ መደቡ ነገር ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዲግሪ ስለያዝሽ ብቻ ደረጃሽ አይለወጥም፤ በዚያ ዲግሪ የተከፈተ ክፍት መደብ ኖሮ ተወዳድረሽ ማለፍ አለብሽ። በራሷ ገንዘብ ቅዳሜና እሁድ ተምራ ኤምፒኤች የያዘች ነርስ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ለዚያ ዲግሪ የሚሆን ክፍት ቦታ ከሌለ፣ ያው ክፍል በያው ደመወዝ ትቀጥላለች። ወደ ወረዳ ወይም ወደ ዞን ጤና መምሪያ ስትዛወር ደግሞ የዲዩቲ ክፍያው ይቀራል። ባለፉት ስድስት ወራት በዲዩቲ ያገኘሽውን ደምረሽ ለስድስት ካፈልሽው በየወሩ ስንት እንደሚጎድልብሽ ይገባሻል። ከትምህርት ክፍያው በላይ የሚያስከፍልሽ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ከባለቤትሽ ጋር ስታወሩ ይህን ቁጥር በእጃችሁ ያዙ።

ስለዚህ ሰው ሀብት ቢሮ ሄደሽ የምትጠይቂው ‹‹ኤምፒኤች ይሻላል ወይ?›› ብለሽ አይደለም። ‹‹በሥርዓተ ምግብ ወይም በኤፒዲሚዮሎጂ ማስተርስ የያዘ ሰው የሚመደብበት መደብ በመዋቅሩ ውስጥ አለ ወይ? ደረጃው ስንት ነው? አሁን ክፍት ነው ወይስ ተይዟል?›› ብለሽ ጠይቂ። ስሙንና ደረጃውን ጽፈሽ ያዢ። ይህንኑ ጥያቄ ለዞን ጤና መምሪያም አንሺ።

የስፖንሰሩን ውልም አሁኑኑ ለምነሽ አንብቢው፤ ቅጹ ብቻ አይበቃም። ከትምህርት በኋላ ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ፣ የት እንደምትመደቢ፣ ብታቋርጪ ምን ያህል እንደምትመልሺ፣ ዋስ ይጠየቅ እንደሆነ፣ ብታረግዢ ወይም ብትታመሚ ትምህርቱን ለአንድ ዓመት ማቆየት ይቻል እንደሆነ ተመልከቺ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የ29 ዓመት ባለትዳር ሴት ሳትጠይቅ መፈረም የለባትም።

አሁን ደግሞ አንቺ ያላነሳሽው ሦስተኛ መንገድ አለ። ስፖንሰሩን ከመቀበልና ከመግፋት ሌላ፣ ዘርፉ እንዲቀየርልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ለማስተማር በጀት ይዟል፤ ያ ሰው አንቺ እንድትሆኚ ተስማምቷል። የቀረው የትምህርት መስኩ ነው። መስኩ አስቀድሞ በኮታ የተያዘ ከሆነ እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ፤ ግን ባዶ እጅሽን ሄደሽ ‹‹ልቤ ወዲያ ነው›› ከምትያቸው አንድ ገጽ ይዘሽ ብትሄጂ መልሱ ይለያል።

ያቺ ገጽ እንዲህ ትዘጋጃለች። የክፍልሽን ኃላፊ አስፈቅጂ፤ ፈቃዱ የግድ ነው። በከፋ የምግብ እጥረት ተኝተው የታከሙ ሕፃናት የሚመዘገቡበትን መዝገብ አውጥተሽ ያለፉትን 12 ወራት ተመልከቺ። የልጁን ስም አትጻፊ። ለእያንዳንዱ ልጅ በአንድ መስመር የገባበትን ወር፣ ወረዳውን፣ ዕድሜውን በወር፣ የክንዱን ልኬት፣ እብጠት ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ አዲስ ነው ወይስ ተመልሶ የመጣ፣ እንዴት እንደወጣ፣ ወደ ጤና ኬላ የተላከበት ወረቀት ስለመቆረጡ ምልክት አለ ወይ፣ ይህን ጻፊ። ከሥራ በኋላ ጥቂት ሰዓታት ይበቁሻል። ከዚያ ደምሪ፦ ከመቶው ስንቱ ዳነ፣ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ሕክምናውን አቋረጠ። በዓለም አቀፍ የእርዳታ መለኪያ የዳኑት ከ75 በመቶ በላይ፣ የሞቱት ከ10 በታች፣ ያቋረጡት ከ15 በታች መሆን አለባቸው፤ መለኪያው የተመላላሽ ሕክምናውንም ይጨምራልና ጠንቀቅ ብለሽ ከዚያ ጋር አስተያዪው። ተመልሰው የመጡት ከየትኛው ወረዳ እንደሚበዙም እይ። ከዚያ ብዙዎቹ የሚመጡባቸውን ሁለት ሦስት ወረዳዎች መርጠሽ ለወረዳው የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ደውዪ፤ ‹‹እኛ ይህን ያህል ልጅ ልከናል፤ እናንተ ዘንድ ስንቱ ተመዘገበ?›› በዪ። ያቺ እናት የነገረችሽ ታሪክ የአንድ ጤና ኬላ ነው ወይስ የብዙ፣ የምታውቂው ያኔ ነው።

መዝገቡ ላይ ባዶ የተተዉትንም ሳጥኖች ቁጠሪያቸው። የመውጫ ክብደት ከሦስት መስመር በአንዱ ባዶ ከሆነ፣ ያ መዝገብ ለመመረቂያ ጽሑፍ አይሆንም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲያዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ስለዚህ የቆየ መረጃ ላይ ልትሠሪ ካሰብሽ ካርድ ክፍል ወርደሽ የዚያ ዘመን ካርድ መኖሩን በዓይንሽ እይ። ተማሪዎች ፕሮፖዛል አጽድቀው፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ አውጥተው ካበቁ በኋላ ነው ካርዱ እንደሌለ የሚያውቁት። ያኔ አንድ ሴሚስተር ይበላል።

ይህን ስትሠሪ ራስሽን ታዘቢ። መዝገቡ ላይ ተደፍተሽ ሰዓቱ ሳይታወቅሽ ካለፈ፣ ስልኩን ዘግተሽ ሌላ ጥያቄ ከመጣብሽ፣ ይህ ሥራ ያንቺ ነው። እየተንጠራራሽ አልጋው ላይ ያለው ሕፃን ከናፈቀሽ ደግሞ ስፖንሰሩን በደስታ ፈርሚ፤ ማንም አይወቅስሽም። በሕፃናት ጤና ነርሲንግም ሆነሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማሠልጠን፣ የሽኝት ወረቀቱን ሥርዓት ማስተካከል ትችያለሽ።

ስለ ስታቲስቲክስ ፍርሃትሽ። ስድስት ኪሎ ልጅ ሲገባ ኤፍ 75 የሚባለውን የሕክምና ወተት ለቀኑ በኪሎ 130 ሚሊ ሊትር አስልተሽ 780 ታገኛለሽ፤ በየሦስት ሰዓቱ ነውና ለስምንት ከፍለሽ 97 ሚሊ ተኩል ትሰጫለሽ። እብጠቱ ሦስት መስቀል (+++)፣ ማለትም የከፋ ከሆነ በኪሎ ወደ 100 አውርደሽ በአንድ ጊዜ 75 ታደርጊዋለሽ። ይህን በሌሊት፣ ሌላ ልጅ እያለቀሰ የምትሠሪ ሴት ባዮስታቲስቲክስ አያቅታትም። የሚያስፈራው ቀመሩ ነው፤ ቀመሩ ደግሞ ጥቂት ነው። ለጥናት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ የሚያሰላውን፣ የናሙና መጠን የሚባለውን እንይ፦ 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና እንደገና በ0.5 ተባዝቶ፣ 0.05 በ0.05 ተባዝቶ በሚገኘው ሲካፈል 384 ይወጣል፤ ፈቃደኛ ላልሆኑት 10 በመቶ ሲጨመርበት 423። ደሴም ጎንደርም የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ብታገላብጪ ይህን ቁጥር በብዙዎቹ ላይ ታገኚዋለሽ።

ያንቺ ክፍል ግን በዓመት 423 ልጅ ላያስተኛ ይችላል። 300 ብቻ ቢሆኑስ? 384ን ለ300 አካፍለሽ አንድ ትጨምሪበትና፣ 384ን በዚያ ስታካፍዪ ወደ ላይ ሲጠጋ 169 ይወጣል፤ ከ10 በመቶው ጋር 186። ይህን ማስተካከያ የማያውቅ ተማሪ የማይሞላ ቁጥር ይዞ ፕሮፖዛል ዲፌንስ ላይ ይቆማል። አንቺ ገና ሳትመዘገቢ አወቅሽው። እስከዚያው በቀን ግማሽ ሰዓት ኤክሴል ላይ ያቺን የመዝገብ ገጽ እየሞላሽ አማካይና መቶኛ ማውጣት ተለማመጂ፤ ኤስፒኤስኤስም ሆነ ስታታ የሚባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ከዚያ ወዲያ ቁልፍ የመጫን ጉዳይ ነው። የሚከብደው ውጤቱ ምን ይላል የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ ክፍሉን የሚያውቅ ሰው ይቀድመዋል።

የቅዳሜና እሁዱን ፕሮግራም አንጥልም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ እዚያው ደሴ ነው፤ ኅብረተሰብ ጤናን ለመማር አገር መልቀቅ ግዴታሽ አይደለም። ዘንድሮ የትኛው ዘርፍ በየትኛው መርሐ ግብር እንደሚከፈት ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ፤ ወሬ አትስሚ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ያ ፕሮግራም፣ በዚያ ካምፓስ፣ በማስተርስ ደረጃ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ማግኘቱን ከመክፈልሽ በፊት አረጋግጪ፤ ኮሌጁ በሌላ ትምህርት ዕውቅና ስላለው ብቻ አትመኚ። በየትኛውም መንገድ ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ሁሉም ጋት የሚለው፣ ይጠብቅሻል። ምዝገባው ሲከፈት የሚቆየው አጭር ጊዜ ስለሆነ ማስታወቂያውን በየሳምንቱ ተከታተዪ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽንም ከተመረቅሽበት ዩኒቨርሲቲ አሁኑኑ ጠይቂ፤ በላኪና ተቀባይ መካከል ወራት ሊቆይ ይችላል።

የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ሦስት ቦታ ላይ ይሰበራል። አንደኛው ዲዩቲ ነው፤ የተረኞች ፕሮግራም ሲወጣ ቅዳሜ ሌሊት ከተመደብሽ እሁድ ክፍል ውስጥ ተኝተሽ ነው የምትማሪው። አለቃሽ የሳምንቱን መጨረሻ በሌላ ቀን ለመተካት በጽሑፍ ትስማማ፤ ቃል ብቻ አይበቃም፣ አለቃ ይቀየራል። ሁለተኛው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ኮርሱ ካለቀ በኋላ ክፍል የለም፣ የሚጠራሽ የለም፣ አማካሪሽ ሥራ ይበዛበታል፤ ብዙ ሰው ኮርሱን ጨርሶ ጽሑፉ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው። ጥያቄሽን ቀድመሽ ይዘሽ ከገባሽ ይህን ታልፊዋለሽ። ሦስተኛው ገንዘቡ ነው፤ ክፍያው በየሴሚስተሩ ነው፣ ለመረጃ መሰብሰቢያና ለትራንስፖርት የሚወጣው ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራል።

አሁን ወደ ቤት። ባለቤትሽ ‹‹የፈለግሽውን›› ማለቱ ደግነት ነው፤ ዝምታው ግን ሌላ ነገር ይዟል፣ እና እሱን ሳትሰሚ ብትፈርሚ በኋላ ይወጣል። ‹‹ትስማማለህ ወይ?›› ብለሽ አትጠይቂው፤ መልሱ ያው ነው የሚሆነው። ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ሁለቱን ሕይወት በቀን በሰዓት አስቀምጡት። ሁለት ዓመት ከሄድሽ ልጃችሁ ማታ ከማን ጋር ትተኛለች? ብትታመም ሥራ የሚቀረው ማን ነው? አማትሽ ጉልበታቸው እስከ መቼ ይበቃል፤ እሳቸውን የጠየቃቸው ሰው አለ ወይ? ቅዳሜና እሁድ ከተማርሽስ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሐረጎን ተመላልሰሽ በዕረፍት ቀንሽም ስትወጪ፣ ልጅሽ ሳምንቱን ሙሉ አታይሽም። ቅርብ ሆኖ አለመኖርም አለ። አንዳንድ እናት ሁለት ዓመት ርቃ በዕረፍት ጊዜ ሙሉ ሆና መመለስ ይቀላታል፤ አንዳንዷ አንድ ሳምንትም አትችልም። አንቺ የትኛዋ ነሽ? ይህን ከአንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። እዚህ ላይ ምንም ብትወስኚ ጥፋተኛ አይደለሽም።

ሦስቱን ሳምንት እንዲህ ተጠቀሚባቸው። የመጀመሪያዋን ሳምንት ለውሉና ለሰው ሀብት ጥያቄዎች፣ ሁለተኛዋን ለመዝገቡ ስጪ። በሦስተኛዋ ያቺን ገጽ ይዘሽ መጀመሪያ ወደ አለቃሽ ግቢ፤ ከበላይዋ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት እሷ ትየው። ተመላሽ ሕፃናት የክፍሏን አልጋ እንደሚይዙ በቁጥር ስታይ ‹‹አትባክኚ›› ማለቷን ትተወው ይሆናል። ከዚያ ለሰው ሀብት የመስክ ለውጥ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቢ፤ ገቢ ቁጥር አስይዘሽ ግልባጩን ያዢ።

‹‹ይቻላል›› ካሉሽ ችግርሽ አለቀ። ‹‹ለዘንድሮ አይሆንም›› ካሉሽ ደግሞ፣ መዝገቡ ልብሽን ከሳበው፣ ለመጪው ዙር በኅብረተሰብ ጤና እንዲይዙሽ በጽሑፍ ጠይቀሽ ዘንድሮን ብታልፊው ይሻልሻል ብለን እናምናለን። ሁለት ዓመት ተምረሽ፣ የውል ግዴታሽን አገልግለሽ፣ ከዚያ እንደገና ሌላ ማስተርስ መጀመር በዕድሜሽም በኪስሽም ይከብዳል። ያቆየሽው ዓመት ባዶ አይሆንም፦ ጋትን ትፈተኛለሽ፣ ትራንስክሪፕትሽ ይደርሳል፣ ኤክሴሉን ትለማመጃለሽ፣ ከቻልሽም አንድ ወር በሆስፒታሉ የጥራት ክፍል ወይም የበሽታ ቅኝት ዴስክ ላይ እንድትሠሪ ትጠይቂያለሽ። ጨርሶ ‹‹ኅብረተሰብ ጤና አናስተምርም›› ካሉሽ ግን የቅዳሜና እሁዱን ከመጀመርሽ በፊት የዞን ጤና መምሪያው ስለ ክፍት መደብ የሰጠሽን መልስ አውጥተሽ እንደገና አንብቢው፤ መደብ ከሌለ ክፍያውን አትጀምሪ።